ማአት፦ ገዢም ተገዢም የተመዘነበት ሚዛን

አንድ ኅብረተሰብ ይህ ተገቢ ነው፣ ያ ነውር ነው ብሎ በጋራ የሚይዘው ነገር የጋራ እሴት ይባላል። ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች ስናጠና ፒራሚዱን፣ ጽሑፉን፣ የጦር ሠረገላውን ቶሎ እናስታውሳለን። ሰዎቹን አንድ ላይ አስሮ ያቆየውን ይህን የማይታይ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። በጥናት ቡድናችን በዚሁ ጉዳይ ላይ ሞቅ ያለ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከፊሎቻችን «የጥንት ሰዎች እምነት ገዢዎች ሕዝቡ አቀርቅሮ እንዲሠራ ለማድረግ የፈጠሩት መሣሪያ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «እንግዲያው አንድ ሕዝብ 3000 ዓመት ሙሉ ሲታለል ኖረ ማለት ነዋ! ይሄማ አይመስልም» ብለን ተሟገትን።

ጉዳዩ ለፈተና ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱን መልስ ሸምድዶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ እያንዳንዳችን በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ፊት ቆመን ይህንኑ ለልጆች ልናስተምር ነው። እነዚያ ልጆች ደግሞ የየራሳቸው እምነት ካላቸው ቤተሰቦች የሚመጡ ናቸው። ስለ ጥንቱ ሰው እምነት በንቀት የተነገረውን ቃል ልጁ በእናቱና በአባቱ ላይ እንደተነገረ አድርጎ ይሰማዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ግፉን ሸፋፍኖ፣ ሁሉም ተስማምቶና ተፋቅሮ ይኖር ነበር ብሎ ማስተማርም ታሪክ አይደለም። ስለዚህ ክርክሩን በማስረጃ ለመፈተን ተስማማንና አንድ አገር መረጥን። የመረጥነውም የጥንት ግብጽን ነው። ግብጻውያን የጋራ እሴታቸውን በአንድ ቃል ጠርተውታል፤ ማአት ብለውታል። ከዚህም በላይ ከንጉሥ እስከ ድንጋይ ጠራቢ የብዙ ሰው ድምፅ በጽሑፍ ተርፎልናል።

ቃሉና ምንጩ

ማአት የሚለው ቃል በስብሰባችን መጀመሪያ ሲነበብ ሳቅ ሆኖ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ መዓት ማለት ቁጣ፣ መቅሠፍት ነውና። የግብጹ ማአት ግን ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። እውነት ማለት ነው፤ ፍትሕ ማለት ነው፤ ሥርዓት ማለትም ነው። እኛ በሦስት ቃላት የምንከፍለውን እነሱ በአንድ ይዘውታል። ፀሐይ በሰዓቷ መውጣቷ ማአት ነው። ወንዙ በወሩ መሙላቱ ማአት ነው። ነጋዴው በሚዛን አለማጭበርበሩ፣ ዳኛው ጉቦ አለመብላቱም ያው ማአት ነው። ተቃራኒው ኢስፌት ይባላል፤ ውሸት፣ ግፍ፣ ትርምስ እንደማለት ነው። በሥዕል ላይ ማአት በራሷ ላይ አንድ የሰጎን ላባ የሰካች ሴት አምላክ ሆና ትታያለች፤ የፀሐይ አምላክ የራ ልጅ ናት ይባል ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የሰማዩ ሥርዓትና የገበያው ሥርዓት አንድ ስም ካላቸው፣ ሚዛን የሚሰርቅ ሰው ጎረቤቱን ብቻ አይደለም የሚበድለው፤ ፀሐይ የምትወጣበትን ሥርዓት ጭምር ነው የሚያናጋው። እምነትና ኑሮ የተለያዩ ክፍሎች አልነበሩም።

ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ? መልሱን ስንፈልግ መንገዱ ወደ ገዛ አገራችን መለሰን። የጥንት ግብጽ እርሻ የቆመው በዓባይ ሙላት ላይ ነው። ሙላቱን የሚያመጣው ደግሞ በዋነኛነት በእኛ ደጋ ላይ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ ነበር፤ ዓባይና ተከዜ ውሃውን ከነደለሉ ይዘው ይወርዳሉ። በግብጽ ውሃው በሰኔ መነሣት ይጀምራል፤ በነሐሴና በመስከረም ማሳውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ሲሸሽም ጥቁር አፈር ትቶ ይሄዳል። ገበሬው በዚያ ላይ ይዘራል። አገራቸውን ኬሜት፣ ማለትም ጥቁሪቱ ምድር፣ ያሏት ለዚሁ ነው። ዓመቱንም በ3 ወቅት ከፈሉት፤ የሙላት፣ የቡቃያና የመከር። እያንዳንዱ ወቅት 4 ወር፣ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ነው። 12 ወር ሲሞላ 5 ቀን ይተርፋል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ጳጉሜን ሳያስታውስ አያልፍም፤ የእኛም አቆጣጠር በግብጽ ክርስቲያኖች በኩል ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነውና። በነገራችን ላይ እነሱ እነዚያን 5 ቀናት እንደ ክፉ ቀን ይፈሯቸው ነበር።

ውሃው በልክ ከመጣ ጥጋብ ነው። ካነሰ ረኃብ ነው፤ ከበዛ መንደር ይጠርጋል። የላይኛው ሰው ውሃውን ያለ ተራው ከገደበ የታችኛው ማሳ ይደርቃል፤ ቦዩንና የመከላከያ ግድቡን በጋራ ካልጠበቁት ሁሉም ይጎዳል። ስለሆነም ልክ፣ ተራ፣ ድርሻ የሚባሉት ነገሮች ለእነዚህ ሰዎች የመብልና የሞት ጉዳይ ነበሩ። ማአት ከሰማይ የወረደች ትምሰል እንጂ ያደገችው በቦይ ዳር ነው ብለን እናምናለን።

አንዳንድ መጻሕፍት ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። የዓባይ ሙላት ጊዜውን ጠባቂ ስለሆነ ግብጻውያን ረጋ ያሉ ሆኑ፤ የጤግሮስና የኤፍራጥስ ሙላት ድንገተኛና አጥፊ ስለሆነ ግን የሜሶፖታሚያ ሰዎች ሥጉዎች ሆኑ ይላሉ። ይህ የተጋነነ ይመስለናል። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ በ1750 ከክርስቶስ ልደት በፊት (ከክ.ል.በ.) ገደማ ሕጉን በጥቁር ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ፣ ብርቱው ደካማውን እንዳይጨቁን በአማልክት መሾሙን አስጽፏል። ወንዙ ሌላ ነው፤ ቃሉ ግን ለማአት ሩቅ አይደለም። እርግጥ ሐሙራቢ ይህን ብሎ ሲያበቃ ቅጣቱን በተበዳዩ ማዕረግ ይመነዝረዋል። የጨዋ ሰው ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጠፋል፤ የዝቅተኛውን ያጠፋ ግን ብር ከፍሎ ይሄዳል።

ከላይ ሲታይ

ግብጽ በአንድ ንጉሥ ሥር የተጠቃለለችው በ3100 ከክ.ል.በ. አካባቢ ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ የንጉሡ ዋነኛ ተግባር ተብሎ የተያዘው ማአትን ማጽናት ነበር። በቤተ መቅደስ ግድግዳዎች ላይ ንጉሡ የማአትን ትንሽ ምስል በመዳፉ ላይ አድርጎ ለአማልክት ሲያቀርብ ይታያል። አማልክት ከእንጀራና ከሥጋ ይልቅ በማአት ይኖራሉ ተብሎ ይታመን ነበርና። እንግዲህ ንጉሥ ከሌለ ማአት የለም፤ ማአት ከሌለ ሙላቱም ፀሐይም ይዛባሉ። ስለዚህ ግብር ክፈል፣ ድንጋይ ጎትት! የመሣሪያነትን አቋም የያዙት ጓደኞቻችን እዚህ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

በእርግጥም ድንጋዩ ተጎትቷል። በ2560 ከክ.ል.በ. ገደማ የተሠራው የኹፉ ፒራሚድ መጀመሪያ ቁመቱ 146 ሜትር ያህል ነበር። በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ያለው ሥዕል ጅራፍ የያዘ አለቃና በሰንሰለት የታሰረ ባሪያ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጊዛ በተደረገው ቁፋሮ የሠራተኞች ሰፈር ተገኝቷል። ዳቦ ቤቶች፣ ብዙ የከብት አጥንት፣ የሠራተኞቹም መቃብር ከነስማቸው ወጥቷል። ተሰብሮ የተጠገነና የዳነ አጥንትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ ኤል ጃርፍ በሚባል ቦታ፣ ሜረር የሚባል የአንድ የሥራ ቡድን አለቃ የጻፈው የቀን መዝገብ ተገኘ። ሜረርና ሰዎቹ ለኹፉ ፒራሚድ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ከቱራ ወደ ጊዛ በጀልባ ያመላልሱ ነበር። መዝገቡ የሚናገረው ስለ ጅራፍ አይደለም፤ ስለ ጉዞ፣ ስለ ጭነትና ስለ ቀለብ ነው። ባሪያ አልነበሩም ማለት ግን ሁሉም በፈቃዱ መጣ ማለት አይደለም። ለንጉሥ ሥራ መውጣት ግዴታ ነበር።

ሹማምንቱም በመቃብራቸው ግድግዳ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ሲያስጽፉ የሚመኩት በሀብታቸው ብቻ አልነበረም። በ2280 ከክ.ል.በ. አካባቢ የኖረውና ወደ ደቡብ አገሮች በተደጋጋሚ የዘመተው ሐርኹፍ፣ ለተራበ እንጀራ፣ ለታረዘ ልብስ እንደሰጠ አስጽፏል። እውነት ሰጥቶ ይሁን? ይህንን የሚያረጋግጥልን የተራበው ሰው ጽሑፍ የለም። ነገር ግን ሰው የሚዋሸውም ቢሆን የሚያስመሰግነውን ነገር ነው። ሐርኹፍ ሊመሰገን የፈለገው በዚህ ከሆነ፣ ማመስገኛው ይህ መሆኑን መቃብሩን የሚያይ ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በ2200 ከክ.ል.በ. አካባቢ የማዕከላዊው መንግሥት ኃይል ተሰባበረ። ሙላቱ አነሰ፤ ረኃብ ገባ። በደቡብ ግብጽ የገዛው አንኽቲፊ በመቃብሩ ላይ ያስጻፈው ነገር አንብበው የማይጨርሱት ነው፤ አገሩ ልጁን እስከመብላት መድረሱን፣ እሱ ግን በግዛቱ ሰው በረኃብ እንዳይሞት ማድረጉን ይናገራል። ልብ እንበል፤ ፈርዖን ደክሟል፤ ያን ጊዜ የተነሣው የአውራጃ ገዢ ግን የሚመዘንበትን ሚዛን አልቀየረም። እሴቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላም ቆሞ ቀርቷል።

ልብና ላባ

ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት የነበራቸው እምነት በዚሁ እሴት ዙሪያ እየተቀረጸ ሄደ። በ2350 ከክ.ል.በ. ገደማ በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጹት የመሻገሪያ ጽሑፎች ለንጉሥ ነበሩ። በኋላ ተመሳሳይ ጽሑፎች በሹማምንት የሬሳ ሣጥን ላይ መጻፍ ጀመሩ። ከ1550 ከክ.ል.በ. ወዲህ ደግሞ በፓፒረስ ጥቅል ተጽፈው ገንዘብ ላለው ሰው ሁሉ ይሸጡ ነበር። ዛሬ «የሙታን መጽሐፍ» የምንለው ይህ ነው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሟቹ ከ42 ዳኞች ፊት ይቆማል። በአንድ ወገን ሚዛን ልቡ ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን የማአት ላባ። ሚዛኑን የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ ይቆጣጠራል፤ ቶት ውጤቱን ይመዘግባል። በአጠገባቸው አሚት ትጠብቃለች፤ ራሷ የአዞ፣ ደረቷ የአንበሳ፣ ጀርባዋ የጉማሬ ነው። ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘ ልብ የእርሷ ራት ነው። ሟቹ ያላደረጋቸውን ክፋቶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አልገደለም፣ አልሰረቀም። ሰው አላስለቀሰም፤ ሚዛን አላዛባም፤ የሚፈስ ውሃ አልገደበም። ይኸው ቦዩ እንደገና መጣ!

አንድ የሚያስቅ ነገር ደግሞ አለ። ሀብታሞቹ በሬሳው ደረት ላይ በጢንዚዛ ቅርጽ የተቀረጸ ድንጋይ ያኖሩ ነበር። በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቃል ልብ በባለቤቱ ላይ እንዳይመሰክር የሚለምን ነው። በእኛ አነጋገር ለፈተና ወረቀት ቀዶ በእጅጌ ይዞ እንደመግባት ነው። ይህን ያየ አንድ የቡድናችን አባል «ታዲያ ይህ ሁሉ ፍርድ ለድሃው ምን ዋጋ ነበረው?» ብሎ ጠየቀ። ጥቅሉን መግዛት፣ ሬሳውን ማስቀባት፣ ድንጋዩን ማስቀረጽ የሚችለው ጥቂት ነውና ጥያቄው ከባድ ነው። ድሃው ማአትን እንዴት እንደተጠቀመባት ለማየት ከመቃብር ወደ ሙግት አደባባይ መውጣት ያስፈልጋል።

ከታች ሲታይ

በ1850 ከክ.ል.በ. ገደማ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። ኹናኑፕ የሚባል ገበሬ የጨው መስክ ከሚሉት ከዋዲ ናትሩን ተነሥቶ የአካባቢውን ዕቃ በአህዮች ጭኖ እህል ሊያመጣ ይወርዳል። በመንገድ ላይ ኔምቲናኽት የሚባል ሰው አህዮቹን አይቶ ይመኛቸዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው ወገን ገብስ። ሰውየው መንገዱ ላይ ጨርቅ ያነጥፋል። ገበሬው ጨርቁን እንዳይረግጥ ወደ ገብሱ ጠጋ ሲል አንዱ አህያ አንድ ጉርሻ ይቀነጥሳል። በቃ! አዝመራ አስበላህ ተብሎ ገበሬው ተደበደበ፤ አህዮቹም ተወሰዱ።

10 ቀን ሙሉ በዳዩን ለመነ፤ አልሆነም። ስለዚህ ሬንሲ ወደሚባለው ታላቅ ሹም ሄዶ አቤት አለ። ሬንሲ ነገሩን ለንጉሡ ነገረ። ንጉሡ የገበሬው አንደበት ስላስደነቀው፣ መልስ ሳይሰጠው ይናገር፣ ቃሉም ይጻፍ፣ እሱ ሳያውቅ ግን ለራሱም ለቤተሰቡም ቀለብ ይሰፈርላቸው ብሎ አዘዘ። ገበሬው 9 ጊዜ አቤቱታ አቀረበ። በመሐሉ ተገረፈ። ቢሆንም አላቆመም። የሚናገረውም ስለ አህዮቹ ብቻ አይደለም። ዳኛን ከሚዛን ጋር ያመሳስለዋል፤ ሚዛኑ ራሱ ካጋደለ ማን ይመዝናል የሚል ነው የነገሩ ጭብጥ። በመጨረሻ ተፈረደለት፤ የኔምቲናኽትም ንብረት ለእሱ ተሰጠ። የበልሃ ልበልሃን ሙግት ከሽማግሌዎች የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ እንግዳ አይለውም።

ተከራካሪ ጓደኞቻችን እዚህም ላይ አልተኙም። «ታሪኩን የጻፈው ገበሬ ሳይሆን የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ንጉሡም ሰውየው እየተገረፈ በንግግሩ ሲዝናና ነበር» አሉ። ልክ ነው፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ሆኖም ታሪኩ ታሪክ የሚሆነው አንባቢው ገበሬው እውነት አለው ብሎ ከተቀበለ ብቻ ነው። ጸሐፊውም አንባቢውም ሹም ሆነው ሳለ ሹምን በማአት መክሰስ እንደሚቻል ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ከዚህ የበለጠው ማስረጃ ግን ልብ ወለድ አይደለም። ዴይር ኤል መዲና የሚባለው መንደር 70 ያህል ቤቶች የነበሩት ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ በነገሥታት ሸለቆ የፈርዖኖችን መቃብር የሚቆፍሩና የሚሥሉ ሠራተኞች ነበሩ። ደመወዛቸው እህል ነበር። ለአንድ ሠራተኛ በወር 4 ኻር ስንዴና 1 ኻር ተኩል ገብስ ይሰፈርለታል፤ 1 ኻር 77 ሊትር ያህል ነው። ስንዴው በአገራችን አጃ እየተባለ የሚዘራው ጥንታዊ ዓይነት ነው። ገብሱ ለጠላ ይውላል። በራምሴስ 3ኛ 29ኛ የንግሥ ዓመት፣ ይኸውም በ1150ዎቹ ከክ.ል.በ.፣ ይህ ቀለብ ቀረ። በወሩ 18 ቀን ቢያልፍም የመጣ ነገር አልነበረም። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ጥለው፣ የጥበቃ ኬላዎቹን አልፈው ወጡና ከአንድ ቤተ መቅደስ ኋላ ተቀመጡ። በማግስቱም ሌላ ዘንድ ሄዱ። ሹማምንቱ ሊያግባቧቸው ሲመጡ ረኃብና ጥማት እንዳወጣቸው፣ ልብስም፣ ቅባትም፣ ዓሣም፣ አትክልትም እንደሌላቸው ተናገሩ፤ ለፈርዖን እንዲጻፍላቸውም ጠየቁ። ያለፈው ወር ቀለብ ተሰጣቸው። ነገር ግን ቀለቡ ደግሞ ደጋግሞ ተጓደለ፤ እነሱም ደጋግመው ወጡ። እስከ ዛሬ በጽሑፍ ከሚታወቁት የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። የነገሩ መዝገብ በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

በመዝገቡ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቡድናችን ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሠራተኞቹ በአንደኛው ጊዜ ሲናገሩ፣ የወጣነው ስለ ረኃብ ብቻ አይደለም፣ ከባድ ክስ አለን፣ በዚህ በፈርዖን ሥፍራ ክፉ ነገር ተሠርቷል ይላሉ። ይህ የለማኝ ቃል አይደለም። ንጉሡ ማአትን በመዳፉ ይዞ በየግድግዳው ላይ ቆሟል፤ ያንን ግድግዳ የሚቀርጹትና የሚሥሉት ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ናቸው! ምን ቃል እንደገባ ከእነሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ስለዚህ በእኛ አመለካከት አድማውን ከተራ ጩኸት የለየው ይህ ነው። ማአት መሣሪያ ነበረች ለሚሉት ጓደኞቻችን የምንመልሰውም ይህንኑ ነው፤ መሣሪያስ መሣሪያ ናት፤ ግን በሁለት ወገን ስለት ያላት ናት። የጋራ ባትሆን ኖሮ የታችኛው ሰው አንሥቶ ሊይዛት አይችልም ነበር።

ይህን ስንል ግን የእሴቱን ወሰን መርሳት የለብንም። እነዚያ ሠራተኞች እንኳ ንጉሡ ቃሉን ይጠብቅ አሉ እንጂ፣ ያለ ንጉሥ መኖር ይቻላል አላሉም። ማአት ከበሬታና ዝቅታ ያለበትን ዓለም እንደ ተፈጥሮ አድርጋ አስቀምጣዋለች። ከዚህም የከፋ አለ። በ1350 ከክ.ል.በ. ገደማ የነገሠው አኸናተን የቀድሞዎቹን አማልክት ትቶ አተን የተባለውን የፀሐይ ክብ ብቻ እንዲያመልኩ አደረገ፤ ለራሱም በማአት የሚኖር የሚል የማዕረግ ስም ሰጠ። በአዲሱ ከተማው፣ ዛሬ አማርና በሚባለው ሥፍራ፣ በሠራው ቤተ መቅደስ በመቶ የሚቆጠሩ የመሥዋዕት ጠረጴዛዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዚያው ከተማ ተራ ሰዎች መቃብር ሲቆፈር የወጣው አጥንት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ብዙዎቹ በለጋ ዕድሜያቸው የሞቱ፣ በልጅነታቸው ምግብ ያጠራቸው፣ ጀርባቸውን ሸክም የጎዳው ናቸው። ቃሉ በግድግዳው ላይ፣ ረኃቡ በአጥንቱ ውስጥ። አኸናተን 17 ዓመት ገዝቶ ሲሞት እምነቱም ብዙ አልቆየም፤ አሮጌዎቹ አማልክት ተመለሱ። አንድ ንጉሥ በትእዛዝ የሕዝብን እምነት መለወጥ እንዴት እንደሚያዳግተው እዚህ ላይ ይታያል።

ቀለቡ እየተጓደለ ሲሄድ ደግሞ ሚዛኑ ከታችም ተሰበረ። በ1110 ከክ.ል.በ. አካባቢ፣ በራምሴስ 9ኛ ዘመን፣ የነገሥታት መቃብር የዘረፉ ሰዎች ተይዘው ተመረመሩ። ከእነሱ አንዱ አመንፓኑፈር የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበር። እንደ ቃሉ ከሆነ ከዚያ በፊት ተይዞ ነበር፤ የደረሰውን ወርቅ ለአንድ ጸሐፊ ሰጥቶ ተለቀቀ፤ ጓደኞቹም ከየድርሻቸው ካሱትና ሁሉም ወደ ዝርፊያቸው ተመለሱ። ዘራፊዎቹ ድርሻ ሲካፈሉ ትክክለኞች ነበሩ!

በክፍል ውስጥ

ይህን ትምህርት ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ስናቀርብ በአማልክት ስም ዝርዝር ባንጀምር ይሻላል። ልጆቹ ስሙን ሸምድደው ነገሩን ይረሱታል። በውሃ እንጀምር። በአካባቢያቸው ምንጭ ወይም ቦይ ካለ ተራው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ተራ ያለፈ ሰው ምን እንደሚደረግ እነሱ ራሳቸው ይናገሩ። ከዚያ በኋላ የዓባይን ሙላት በካርታ አሳይተን ወደ ግብጽ እንሻገር። የገበሬውን ታሪክ ስንተርክም እስከ መጨረሻው ሳናደርስ ከ4ኛው አቤቱታ ላይ አቁመን፣ ክፍሉን ለሁለት ከፍለን፣ ግማሹ ለገበሬው ግማሹ ለኔምቲናኽት ይከራከር። ለኔምቲናኽት የሚከራከሩት መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ግድ የለም፤ የሚያጠብቁት ክርክር ለሌሎቹ ይጠቅማል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ልጆቹን የጥንት ግብጻውያንን እምነት ከየቤታቸው እምነት ጋር አወዳድሩ ብለን ማዘዝ የለብንም። ልጁ በራሱ ከጠየቀ፣ ግብጻውያን እንዲህ ብለው ያምኑ ነበር፣ ማስረጃውም ይህ ነው ብለን እንመልስለት።

ለሚዛኑ የሚያስፈልገው አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ሲባጎና ሁለት የጣሳ ክዳን ብቻ ነው። በአንዱ ክዳን ላይ ላባ ይቀመጣል፤ የዶሮ ቢሆን ግድ የለም፣ ሰጎን ከየት ይመጣል! ተማሪዎቹ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ማድረግ የሌለበትን ነገር ስም ሳይጠሩ በትንንሽ ቁራጭ ወረቀት ይጽፉና አንድ በአንድ በሌላው ክዳን ላይ ያኖራሉ፤ በስንተኛው ወረቀት እንደሚያጋድል አብረው ይቆጥራሉ። አንድ ሚዛን ሠርተን በፔዳጎጂ ማዕከሉ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠናል። ለማስተማር ልምምድ የሚወስደው ሠልጣኝ ሲባጎው እንዳይተበተብ ጠቅልሎ ይመልስ።